የኩሽናው ላፕቶፕ አድራሻው ይቀያየራል፤ የአስተናጋጆቹ ስልኮች ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙት ምን ላድርግ?

የጠባሴው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ እናቴ ምግብ ቤት አላት። ካሸሩም፣ ሒሳብ ያዡም፣ ሰው ሲበዛ አስተናጋጁም እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ስለተማርኩ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። አስተናጋጆቹ ትዕዛዙን ስልካቸው ላይ ይነካሉ፣ ኩሽና ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይቀበላል፣ ደረሰኝ የምታወጣዋ ትንሽ ፕሪንተር «ጠረጴዛ 4፣ ሁለት ሽሮ፣ አንድ ጥብስ» ብላ ታወጣለች። ኩሽና በር ላይ ቆሞ መጮህ ቀረ። የላፕቶፑ በፓይተን ነው፣ የስልኩ በኮትሊን።

ችግሩ አድራሻው ላይ ነው። የላፕቶፑን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻውን) ስልኮቹ ውስጥ በቁጥር አስገብቼዋለሁ፤ 192.168.1.7። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ራውተሩ ይነሳና ለላፕቶፑ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ባለፈው ያ ቁጥር የደረሰው ለእናቴ ስልክ ነበር። ምሳ ሰዓት ነው፣ የጾም ቀን ነው፣ ቤቱ ሙሉ ነው። አስተናጋጆቹ ይነካሉ፣ ኩሽናው ግን ምንም አልደረሰውም። ሰዉ በያይነቱ ይጠብቃል፣ ወጥ ሠሪዎቹ ሥራ ፈትተው ወሬ ይዘዋል።

ስለዚህ ስልኩ ራሱ እንዲፈልግ አደረግኩት። ወደ 255.255.255.255 «ኩሽና የት ነህ?» ብሎ ይልካል፣ ላፕቶፑ «እዚህ ነኝ» ይላል። ላፕቶፑን ካሸር ጋ አምጥቼ ስሞክረው ወዲያው ተገናኙ። ወደ ኩሽና ስመልሰው ጭጭ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩሽናው ጓሮ ነው። በፊት ላፕቶፑ ከፊተኛው ራውተር ጋር በረጅም ኬብል በቀጥታ የተገናኘ ነበር። ሰሞኑን ጓሮውንም ለተስተናጋጅ ስንከፍት፣ ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ዋይፋዩ አልደርስ አለ። ሁለተኛ ራውተር ገዛንና ያንኑ ኬብል እሱ ላይ ሰካነው፤ ላፕቶፑም አሁን ከእሱ ጋር ነው። ኢንተርኔት ኩሽናም ይሠራል። የሚገርመኝ ከኩሽናው ላፕቶፕ ወደ ካሸሩ ኮምፒውተር ፒንግ («አለህ?» የሚል መልእክት) ሳደርግ ይመልሳል፤ ከካሸሩ ወደ ኩሽና ግን እምቢ ይላል።

ስልኬ የቤታችንን ቲቪ ስም ማንም ሳይነግረው ያወጣዋል። እንዴት ነው የሚያገኘው? የኔውስ ጓሮ ሲገባ ለምን ይጠፋል?

መሐል ሜዳ፦

ወንድሜ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? ራውተሩ ውስጥ ግባና ለላፕቶፑ አንድ ቁጥር አስይዝለት። «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚል ቦታ አለ። የላፕቶፑን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ታስገባለህ፣ ከዚያ በኋላ መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድ ያው ቁጥር ነው። የኛ መድኃኒት ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ማንም ማንንም አይፈልግም።

ስልኮች ላይ ግን ተጠንቀቅ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልክ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የራሱን ማክ ፈጥሮ ነው የሚያሳየው።

ጡረተኛው ኬብል ዘርጊ፦

የጠባሴው ልጅ፣ እንደምን አለህ? መሐል ሜዳ ያለህ ልክ ነው፣ ለካሸሩ ኮምፒውተርም ይጠቅምሃል። ሁለተኛውን ጥያቄህን ግን አልነካልህም። የራስ ምታቱ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ መፈላለግና መነጋገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያዝ። ለመነጋገር አድራሻ ያስፈልጋል። ለመፈለግ ደግሞ አድራሻውን አታውቀውም፤ ስለዚህ ያለህ አማራጭ መለፈፍ ብቻ ነው። የድሮው አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ኔትወርክ ላይ ያ የመጨረሻው ክፍል የለም። የሰማ ሰማ፣ ላልሰማ የሚያሰማ የለም። ራውተሩ በሩ ላይ ቆሞ ልፈፋውን ያስቀረዋል። ይህ ደግሞ ብልሽት አይደለም፣ ታስቦበት ነው። ራውተር ሁሉ የጎረቤቱን ልፈፋ ቢያሻግር ኖሮ ኢንተርኔት ገና ድሮ በታነቀ ነበር።

የመለፈፊያው መንገድ ሁለት ነው። አንተ የተጠቀምከው ብሮድካስት ይባላል፤ መስመሩ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ማልቲካስት ነው፤ «እኔ ይህን ቡድን እሰማለሁ» ብሎ ለተመዘገበ ብቻ። ቲቪህ ያለው በሁለተኛው ነው። ብዙ ቲቪዎች ኤስኤስዲፒ በሚባለው ይገኛሉ፤ አድራሻው 239.255.255.250፣ ፖርቱ (በአድራሻው ላይ ያለው የበር ቁጥር) 1900። ፕሪንተሮችና የአፕል ዕቃዎች ደግሞ ኤምዲኤንኤስ ይጠቀማሉ፤ 224.0.0.251፣ ፖርት 5353። አዳዲስ ቲቪዎች ሁለቱንም ያውቃሉ። በ224.0.0 የሚጀምር ማንኛውም የማልቲካስት አድራሻ ራውተር እንዳይሻገር የተወሰነ ነው። ይህን ቁጥር ካየህ «ከዚህ ግቢ አይወጣም» ብለህ አንብበው።

ለአንተ የምመክርህ ኤምዲኤንኤስን ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2002 «ራንዴቩ» ብሎ አወጣው፣ በ2005 ስሙን «ቦንጁር» አለው፣ በ2013 ደግሞ ማንም የሚሠራበት ደንብ ሆኖ ታተመ። ሊኑክስ ላይ አቫሂ ይባላል። ፓይተን ላይ «ዜሮኮንፍ» የሚባል ላይብረሪ አለ፣ ሌላ አትፈልግ።

አሠራሩን ላሳይህ። ስልክህ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኩሽና የት ነው?» ብሎ አይደለም። «ትዕዛዝ የመቀበል አገልግሎት ያለው ማን ነው?» ነው የሚለው። መልሱ ስም ነው፤ «ኩሽና» እንበል። ቀጥሎ «ኩሽና በየትኛው ማሽን፣ በስንት ቁጥር ፖርት?» ይላል። ቀጥሎ «የዚያ ማሽን አይፒ ስንት ነው?»። ብዙ ጊዜ ሦስቱም መልስ ባንድ ላይ ይመጣል። ልብ በል፣ ቁጥሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስልክህ ይዞ መቆየት ያለበት ስሙን ነው፣ ቁጥሩን በፈለገው ጊዜ ይጠይቅ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቀየረው ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይደለም።

ስሙን ደግሞ በፊደላችን መጻፍ ትችላለህ። ልኩ 63 ባይት ነው። አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 21 ፊደል ይገባልሃል። «የጓሮው ኩሽና» ብትለው ይበቃል፣ ቦታም ይተርፋል። የአገልግሎቱ ዓይነት ስም ግን በላቲን ፊደል ነው፣ ከ15 ሆሄ አይበልጥም። በዚያው ቤት ሁለት ላፕቶፕ አንድ ስም ይዘው ቢነሱ አይጣሉም። ማንኛውም ስሙን ከመያዙ በፊት «ይህን ስም የያዘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከተያዘ ሌላ ስም ያወጣል። አብዛኛው ፕሮግራም ኋላው ላይ 2 ይጨምርበታል።

አሁን ወደ ጓሮህ። ያ ኬብል ሁለተኛው ራውተር ላይ የተሰካው «ዋን» (WAN፣ የውጭ መስመር መግቢያ) የሚል ቀዳዳ ላይ ነው፣ አይደል? ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ሳላየው የምናገረው ፒንግህ ስለነገረኝ ነው። ከኩሽና ወደ ካሸር ይሄዳል፣ ከካሸር ወደ ኩሽና አይመጣም። ይህ «ናት» (NAT) የሚባለው አሠራር ምልክት ነው። ሁለተኛው ራውተር የፊተኛውን ቤት እንደ ኢንተርኔት ነው የሚያየው፤ ከውስጥ የወጣን ያስወጣል፣ ከውጭ የመጣን አያስገባም። የላፕቶፑን አይፒ እየው፤ ወይ 192.168.0 ወይ ሌላ ነገር ይሆናል፣ እንደ ፊተኛው 192.168.1 አይሆንም። ሁለት መንደር ሠርተሃል ማለት ነው። በመንደር መካከል ልፈፋ አያልፍም፣ የፈለገውን ያህል ፓይተን ብትጽፍ።

መጽሐፍ ቤቱም፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ይሄው ነው። ከአንኮበር እስከ ዓለም ከተማ ስንት ቢሮ ኬብል ዘርግቻለሁ፤ «ፕሪንተሩ ጠፋ» ተብዬ ተጠርቼ ስደርስ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሥር አንድ ትንሽ ራውተር በዋን ተሰክቶ አገኛለሁ። አይጥ የበላው ኬብል ሁለተኛ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉን ግን አታዛባ። መጀመሪያ ሁለተኛው ራውተር ውስጥ ግባና የራሱን አድራሻ 192.168.1.2 አድርገው። የፊተኛው ራውተር የሚያድላቸው ቁጥሮች ከ2 የሚጀምሩ ከሆነ ከዚያ ውጭ የሆነ ምረጥ። ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን አጥፋው፤ ቁጥር የሚያድል አንድ ብቻ ይሁን። ይህን ከጨረስክ በኋላ ኬብሉን ከዋን ነቅለህ «ላን» (LAN፣ የውስጥ መስመር) ከሚሉት ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰካው። «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለው ደግሞ እሱን ስትነካ ይህን ሁሉ ራሱ ይሠራልሃል።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ አንድ ነገር እይ፤ ኔትወርኩ «ፕራይቬት» ተብሎ መያዙን። «ፐብሊክ» ከሆነ ፋየርዎሉ ጥያቄው ሲመጣ ዝም ይላል፣ አንተም ኬብል ስትፈትሽ ታመሻለህ።

የጠባሴው ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነትም ዋን ላይ ነበር፣ ሰማያዊው ቀዳዳ። የላፕቶፑ አይፒም እንዳሉት በ192.168.0 የሚጀምር ነበር። እንዳዘዙኝ አደረግኩ፣ አሁን ፒንጉ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ፕሮግራሙንም ወደ ዜሮኮንፍ ቀየርኩት፤ ስልኩ ላይ «የጓሮው ኩሽና» ብሎ ሲመጣ እናቴ ራሷ አነበበችው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው፣ ከአስተናጋጆቹ ስልኮች አንዱ ኩሽናውን አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ አያገኘውም። ሁለተኛው የባሰ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ራውተሮቹና ሞደሙ አሁን ትንሽ ባትሪ ስላላቸው ይቆያሉ። ስልኩ ላይ ግን «የጓሮው ኩሽና» አሁንም አለ ይላል፤ አስተናጋጁ ይነካል፣ ትዕዛዙ የት እንደገባ አይታወቅም። የሞተውን ሰው አለ ብሎ የሚመሰክረው ማነው?

ከሸዋ ሮቢት፦

እኔ የስልክ አፕ ነው የምሠራው፣ ልግባበት። እዚህ በሙቀቱ ራውተር በቀን ሁለቴ ስለሚጠፋ ያንተን ችግር ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፣ ወንድሜ።

የመጀመሪያው፦ ኮትሊን ላይ የራስህን ሶኬት ከፍተህ ነው የምታዳምጠው? ከሆነ ማልቲካስት ሎክ የሚባለውን መያዝ አለብህ፣ ፈቃዱንም ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ ጻፍ። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ በቀጥታ ለስልኩ ያልተላከ ፓኬት እንዳይገባ ያጣራል። አንዳንዱ ስልክ ጠበቅ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ይለቀዋል፤ አንድ ስልክ ብቻ የሚያስቸግርህ ለዚህ ይሆናል። ይህን ሁሉ ካልፈለግክ ኤንኤስዲ ማናጀር የሚባል የአንድሮይድ የራሱ ፈላጊ አለልህ፣ ከአንድሮይድ 4.1 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው። አይፎን የያዘ አስተናጋጅ ቢመጣ ደግሞ ከአይኦኤስ 14 ወዲህ «በአካባቢው ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን ይፈልግ?» ብሎ ይጠይቃል። አይሆንም ብሎ ነክቶት ከሆነ በኋላ ሴቲንግ ገብቶ ካልፈቀደ በስተቀር ምንም አያገኝም፤ አፑም ለምን እንዳላገኘ አይነግርህም።

ደግሞ ዋይፋይ ላይ ማልቲካስት ደካማ ነው። ለአንድ ስልክ የተላከ ፓኬት ካልደረሰ ራውተሩ ይደግመዋል። ለቡድን የተላከ ግን «ደረሰኝ» የሚል ስለሌለ ከጠፋ ጠፋ። ስለዚህ አንዴ ጠይቀህ ተስፋ አትቁረጥ፤ ከአንድ ሰከንድ በኋላ፣ ከሁለት፣ ከአራት እያልክ ድገም።

ሁለተኛው በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ኤምዲኤንኤስ ላይ አንድ ፕሮግራም በሥርዓቱ ሲዘጋ መሰናበቻ ይልካል፦ «ስሜን ሰርዙት» የሚል፣ ዕድሜው ዜሮ የሆነ መልስ። የሰሙት ሁሉ ይሰርዙታል። መብራት ሲሄድ ግን ላፕቶፕህ ለመሰናበት ጊዜ የለውም። ስልኮቹ ያለፈውን መልስ ይዘው ይቀራሉ። እያንዳንዱ መልስ ደግሞ ዕድሜ አለው። ማሽኑንና አድራሻውን የሚናገረው በደንቡ የሚመከርለት ዕድሜ 120 ሰከንድ ነው። «እንዲህ ያለ አገልግሎት አለ» የሚለው ግን 75 ደቂቃ። ስለዚህ የሞተ ኩሽና ስልኩ ዝርዝር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ማንም አልዋሸህም፤ ያረጀ መረጃ ነው የምታየው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር፦ ዝርዝር ላይ መኖሩን እንደ ማስረጃ አትውሰደው። ስሙን ካገኘህ በኋላ በቲሲፒ (ሁለት ማሽኖች በቀጥታ መስመር ከፍተው የሚነጋገሩበት ደንብ) ተገናኝ። ካልተገናኘ ለአስተናጋጁ በቀይ «ኩሽናው የለም፣ ሄደህ ተናገር» በለው። ከተገናኘ ደግሞ ትዕዛዙን ላክና ላፕቶፑ «ተቀብያለሁ» እስኪል ጠብቅ።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። ስልኩ ትዕዛዙን ላከ፣ ላፕቶፑ ተቀብሎ አተመው፣ «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ስልኩ ምን ያውቃል? አልደረሰም ብሎ ይደግመዋል። ኩሽናው ለጠረጴዛ 4 ሁለተኛ ጥብስ ይጠብሳል። በሥጋ ዋጋ ይሄ ቀልድ አይደለም! መድኃኒቱ ስልኩ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የማይደገም መለያ እንዲሰጠው ማድረግ ነው፤ ሲደግመውም በዚያው መለያ ይድገመው። ላፕቶፑ መለያውን ፋይል ላይ ይመዝግብ። ያየውን መለያ እንደገና ካየ አያትምም፤ «ተቀብያለሁ» ብቻ ብሎ ይመልሳል። ፋይል ያልኩህ፣ ሜሞሪ ላይ ብቻ ከያዝከው መብራት ሲሄድ አብሮ ስለሚጠፋ ነው።

መሐል ሜዳ፦

እኔ አሁንም ቁጥሩን አስይዘው ነው የምለው። ይህን ሁሉ ለሽሮ?

ከሸዋ ሮቢት፦

ቁጥር ብታስይዝም የሞተ ላፕቶፕ የሞተ ነው፣ መልስም መንገድ ላይ ይጠፋል። የጻፍኩት ሁለተኛው ግማሽ ለአንተም መድኃኒት ቤት ይሠራል።

ጡረተኛው ኬብል ዘርጊ፦

እህታችን ጥሩ አስረድታለች። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ለተስተናጋጅ ዋይፋይ ትሰጣለህ?

ከሰጠህ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ማንም ስልክ «የጓሮው ኩሽና እኔ ነኝ» ማለት ይችላል። ኤምዲኤንኤስ ማንነት አያጣራም፣ የተናገረውን ያምናል። ተማሪ የሚበዛበት ከተማ ነው ያለኸው፤ አንዱ ነገሩን ከደረሰበት ለጨዋታ ብሎ ምሳ ሰዓትህን ያበላሸዋል። ደንበኛን በሌላ የዋይፋይ ስም ለየው፤ ራውተሩ ላይ «ጌስት» የሚለው ነው። ላፕቶፑና ስልኮቹም የጋራ ምስጢር ቁልፍ ይኑራቸው፤ ላፕቶፑ ቁልፉን ከማያውቅ ትዕዛዝ አይቀበል፣ ስልኮቹም ለማያውቅ አይላኩ።

የሠራተኞቹ ዋይፋይ ላይ ግን «ኤፒ አይሶሌሽን» የሚለውን እንዳትነካው። እሱ ዋይፋይ ላይ ያሉትን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል፤ ላፕቶፕህ በኬብል ካልሆነ በቀር ኩሽናህ እንደገና ይጠፋል።

የጠባሴው ልጅ፦

የዋይፋዩ ፓስወርድ ካሸር ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ጋሼ። መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። እቀይረዋለሁ፣ ለደንበኛም ጌስት እከፍታለሁ። እህቴ፣ መለያውን ፋይል ላይ መመዝገቡን ጀምሬያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ብቻ፦ ጌስቱን በሁለቱም ራውተር ልክፈተው? ጓሮ ያሉትም ዋይፋይ ይጠይቃሉ።

ጡረተኛው ኬብል ዘርጊ፦

ለጊዜው በፊተኛው ብቻ። ሁለተኛው አሁን አክሰስ ፖይንት ሆኗል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ራውተሮች እንዲህ ሲሆኑ ጌስታቸው ስሙ ብቻ ነው የሚለየው፣ ከውስጥ ያው አንድ ቤት ነው። መሞከር ከፈለግክ ክፈተውና የራስህን ስልክ ጌስቱ ላይ አስገባ። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ፒንግ አድርግ፣ ስልኩ ላይ «የጓሮው ኩሽና» ይመጣ እንደሆነም እይ። ከመጣ ዝጋው። ጓሮ የተቀመጠ ሰው ለአንድ ሰዓት በራሱ ዳታ ይጠቀም።